የመጽሐፍ አዋሾች ጉባኤ

ደብረ ብርሃን ያሉት አክስቴ ሥራዬን ደጋግሜ ካስረዳኋቸው በኋላ፣ «እንግዲህ መጽሐፍ ስታውሺ ነው የምትውይው?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው፤ ከዚያ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አላገኘሁለትም። የምሠራው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ነው። እኛ ዘንድ የሌለ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ካለበት አስመጣለታለሁ። እኛ ዘንድ ያለውን ሌላው ሲፈልገው አሽጌ እልካለሁ።

ለአክስቴም ሆነ ለሌላ ሰው ማስረዳት የሚከብደኝ ስብሰባው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የሦስት ግዛት አዋሾችና ተዋሾች እንገናኛለን። ከዚያ ውጭ ሥልጠና አለ፣ በኢንተርኔት የሚደረግ ውይይት አለ፣ ውሰቱን የሚያስተባብረው ማዕከል ሰዎች እየዞሩ የሚጎበኙን ጊዜ አለ። በጀት የሚቆርጡ ሰዎች ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ቡናና ኬክ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጽሐፉን ከሚያመላልሰው መኪናም ከኮምፒውተሩም በላይ ይህን ሥራ አቁሞ የያዘው ይህ መገናኘት ነው ባይ ነኝ።

ማዕከሉ ሚኒቴክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሙከራ ተጀመረ፤ በ1971 የሚኒሶታ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በጀት መደበለት። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ሞልቶታል፤ በየገጠሩ ያሉት ኮሌጆች ግን አጥሯቸዋል። ስለዚህ ጥያቄው በቴሌታይፕ ይምጣ፣ መጽሐፉ በመኪና ይሂድ ተባለ። ሥራውን በመጀመሪያ የመሩት አሊስ ዊልኮክስ የተባሉ ሴት ነበሩ። እያደር የሰሜንና የደቡብ ዳኮታ ቤተ መጻሕፍትም ተጨመሩ። ዛሬ ቴሌታይፑ የለም፤ መኪናው ግን አሁንም ይመጣል።

አዲስ ሠራተኛ ሳለሁ ማዕከሉ ባዘጋጀው ጉብኝት ላይ ሚኒያፖሊስ ወስደው ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር መሬት ሥር አስገቡን። ከላይ የሚታየው ሕንፃ በቀድሞው የግዛቱ አስተዳዳሪ በኤልመር አንደርሰን ስም ተሰይሟል። ሰውየው ራሳቸው መጽሐፍ ሰብሳቢ ነበሩ፤ ከ12,000 በላይ መጻሕፍታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተዋል። ከሕንፃው ሥር ግን አለቱ ተፈልፍሎ ሁለት ዋሻ ወጥቶለታል። እያንዳንዳቸው ወደ 180 ሜትር ይረዝማሉ፤ ቁመታቸው የሁለት ፎቅ ያህል ነው። አንደኛው ዋሻ የመላው ሚኒሶታ ቤተ መጻሕፍት እምብዛም የማይጠየቁ መጻሕፍታቸውን የሚያስቀምጡበት የጋራ ጎተራ ሆኗል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ አለበት።

እዚያ መጽሐፍ የሚደረደረው በርዕሰ ጉዳይ አይደለም፤ በቁመቱ ነው። ቦታ እንዳይባክን እኩያ ከእኩያው ጋር ይቆማል። የዶሮ እርባታ መመሪያ ከነገረ መለኮት ድርሳን አጠገብ ሊውል ይችላል፤ አንድ የሚያደርጋቸው መጠናቸው ብቻ ነው። ሲፈለግ የሚገኘው በላዩ ባለው ባርኮድ ነው፤ ባርኮዱ በስህተት ከተመዘገበ ያ መጽሐፍ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከላይ፣ ከሕንፃው በእግር ጥቂት እንደተሄደ፣ ሲዳር ሪቨርሳይድ የሚባለው ሰፈር አለ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው በረጃጅሞቹ ፎቆች ውስጥ የሚኖርበት ሰፈር ነው። ከዋሻው ወጥተን ምሳ የበላነው እዚያ ነበር።

የጉብኝቱ ጥቅም ለእኔ ዋሻውን ማየቴ አልነበረም። ለእኛ የሚላከውን መጽሐፍ ከመደርደሪያ የሚያወርደውን ሰው አወቅሁት። እስከዚያ ቀን ድረስ እሱ ለእኔ በወረቀት ላይ የተጻፈ ምሕጻረ ቃል ነበር፤ እኔም ለእሱ እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ ለተማሪ የተላከ የጽሑፍ ቅጂ ጠርዙ ተቆርጦ ሲመጣ አዲስ ማመልከቻ አልሞላም፤ እደውልለታለሁ።

ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ልመለስ። ውሰት ሕግ አለው። በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት መካከል የሚደረገው ውሰት የሚመራበት ደንብ መጀመሪያ የተረቀቀው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ታርሟል። አሁን ያለው ደንብ መጽሐፉ ከአዋሹ እጅ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስለት ድረስ ኃላፊው ተዋሹ ነው ይላል። በመንገድ ላይ ዝናብ ቢያገኘውም ያው ነው። አንቀጹ ግልጽ ነው፤ የተበላሸው መጽሐፍ ከገበያ የጠፋ ሲሆንስ? ዋጋው እንዴት ይተመን? አዋሹ ይቅር ቢል ለሌላው ልማድ አይሆንም ወይ? እንዲህ ያለውን ደንቡ አይመልሰውም፤ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው የሚከራከሩ ሰዎች ናቸው የሚመልሱት። የዕድርን ድንኳንና ብረት ድስት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዕቃው የሚመለሰው መዝገብ ስላለ ብቻ አይደለም፤ በወሩ ስብሰባ ፊት ለፊት መገናኘት ስላለ ነው።

ከሁሉ የማይረሳኝ ስለ ፕላስተር የተደረገው ክርክር ነው። ተውሶ የሚመጣ መጽሐፍ የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚገልጽ ወረቀት ይደረግበታል። ወረቀቱ በምን ይያዝ? አንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት በፕላስተር ሽፋኑ ላይ ይለጥፈዋል፤ ሲነሣ የሽፋኑን ቆዳ ይዞ ይነሣል። ሌላው እንደ መቀነት በሚያስሩት ወረቀት ይጠቀማል፤ እሱ ደግሞ ይወልቃል። አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ረጅም ሰዓት ተሟገተ። ስኮች የምንለው ፕላስተር በሪቻርድ ድሩ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1930 እዚሁ ሴንት ፖል መሆኑን ሳስታውስ ሣቄ መጣ። ለውጭ ሰው ክርክሩ ቅንጦት ይመስላል። በዓመት የሚጓጓዘውን መጽሐፍ ብዛት ላሰበ ግን፣ ስንት ሽፋን እንደሚገፈፍ ለመገመት አያዳግትም።

አዳዲሶቹ ባልደረቦች የቅጂ መብትን ነገር የሚማሩትም እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው መመሪያ አንድ ቤተ መጻሕፍት ባለፉት 5 ዓመታት ከታተሙ እትሞች ከአንድ መጽሔት በዓመት ከ5 የበለጠ የጽሑፍ ቅጂ ከሌላ እንዳያስመጣ ይመክራል፤ ከዚያ ካለፈ ወይ የቅጂ መብት ይከፈላል ወይ መጽሔቱ ይገዛል። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል። ስድስተኛው ተማሪ በፈተና ሰሞን እያለቀሰ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን አብሮን ከሚሠራ ሰው እንጂ ከመጽሐፍ አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ስብሰባው በሙሉ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። የዚያን ጊዜ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሰው እጅ የተመለሰን መጽሐፍ መቼ እንንካው? በአሜሪካ ሪልም የተባለ የምርምር ፕሮጀክት ተቋቁሞ ቫይረሱ በመጽሐፍ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ በቤተ ሙከራ አስፈተሸ። በመጀመሪያው ሙከራ ለየብቻ የተቀመጡ መጻሕፍት ከ3 ቀን በኋላ ምንም አልተገኘባቸውም። ስለዚህ ሦስት ቀን አገልለን ማስቀመጥ ጀመርን። ኋላ ደግሞ ተደራርበው የተቀመጡት ሲፈተሹ ቫይረሱ ከ6 ቀንም በኋላ ተገኘባቸው። እኛ ደግሞ ሣጥን በሣጥን ላይ ደርድረናል! በዚያ ሳምንት በስክሪን የተሰበሰብነው ሰዎች ፊት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማስቀመጥ፣ ቀኑን መጨመር፣ ውሰቱን ጭራሽ ማቆም፤ ሁሉም የየራሱን አደረገ። ሆኖም ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ የሌላው ሣጥን ሲመጣ ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቀን እንከፍተው ነበር።

የኢንተርኔት ስብሰባ ከዚያ በኋላ ቀረ ማለት አይደለም፤ ጥሩም ነገር አለው። በካናዳ ድንበር ላይ ካለችው ኢንተርናሽናል ፎልስ እስከ ሚኒያፖሊስ አምስት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፤ በክረምት በረዶው ሲከመር ከዚያም ይበልጣል። በእንዲህ ያለ ሩቅ ከተማ ብዙ ጊዜ ያለችው ባለሙያ አንድ ናት። ካታሎጉን የምትሠራው እሷ፣ ለሕፃናት የምታነበው እሷ፣ የተበላሸ ማተሚያ የምትጠግነው እሷ። ጉባኤ ከሄደች ቤቱ ይዘጋል። ለእሷ በስክሪን መማሩ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን የማዕከሉ ሰዎች መኪና አስነሥተው እሷ ዘንድ የሚሄዱበትን ቀን አበልጣለሁ። ሲሄዱ ችግሯን አጠገቧ ተቀምጠው ያዩላታል፤ ለምሳሌ ጥያቄው የሚዘገየው በኮምፒውተሩ ሳይሆን ሣጥኑ በጓሮ በር በኩል ቀርቶ ማንም ሳያየው ስለሚያድር መሆኑን። በስክሪን ትምህርት ይተላለፋል፤ ቡና ለመቅዳት ተሰልፈው የሚያወሩት ወሬ ግን አይተላለፍም፤ እኛ ደግሞ ከትምህርቱ የበለጠ የምንሠራበት ያን ወሬ ነው።

በአንደኛው ዓመት ለአጭር ንግግር ተመዘገብኩ። ርዕሴ የኢትዮጵያ መጽሐፍ እንዴት ይፈለጋል የሚል ነበር። በሚኒሶታ አበሻ በብዙ ከተማ አለ፤ የአማርኛ መጽሐፍ የሚጠይቁ አባትና እናት ወደ ቤተ መጻሕፍት ይመጣሉ፤ ባለሙያዋ ትፈልጋለች፣ ታጣለች፣ የለም ትላለች። ብዙ ጊዜ ግን መጽሐፉ አለ።

የሚጠፋው ለምንድን ነው? አንደኛው ስም ነው። ፈረንጅ በቤተሰብ ስሙ ስለሚመዘገብ ደራሲውን ሐዲስ ዓለማየሁን በ«ዓለማየሁ» ሥር ይፈልጉታል። የካታሎግ ደንቡ የኢትዮጵያዊን ስም ከራሱ ስም ይጀምራል፤ ሐዲስ «ሐ» ላይ ነው ያለው። ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ይባስ፤ የስሙን ግማሽ መካከለኛ ስም አድርገው ያስቀሩታል። ሁለተኛው ፊደል ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የቆዩት የካታሎግ መዝገቦች የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ መሠረት። በዚያ ሠንጠረዥ ግዕዙ ድምፅ ፈረንጅ «አ» ብሎ በሚያነበው ፊደል ስለሚጻፍ የ«መቃብር» የመጀመሪያው ፊደል «ማ» መስሎ ይቀመጣል። እንደሚሰማው «መ» ብሎ የጻፈ ሰው አያገኘውም። ሦስተኛው ዓመተ ምሕረት ነው። የሐዲስ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ጠንቃቃ ካታሎገር አጠገቡ በቅንፍ 1965 ወይም 1966 ብሎ ይጽፍበታል። ጠንቃቃ ያልሆነው 1958ን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ትቶት ያልፋል፤ ያኔ አንዱ እትም ሁለት የተለያየ መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ሰዎች ወረቀት ይዘው መጡ። ከደቡብ ዳኮታ የመጣ አንድ ካታሎገር ለብዙ ጊዜ ምንነቱ ያልገባውን መጽሐፍ ሽፋን በስልኩ አንሥቶ ኖሮ አሳየኝ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነበር። ከሴንት ክላውድ አካባቢ የመጣች ሌላ ባለሙያ ደግሞ ኮሌጅቪልን አውቀው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ኮሌጅቪል ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስነዳ ቦታ ነው፤ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ አብረው ያሉበት። እዚያ ያለው የሂል የብራና ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሡ አድርጓል፤ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ወደዚህ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዋናው ብራና የጠፋም አለ፤ ፊልሙ ግን አለ። ፊልሞቹን እያነበቡ የዝርዝራቸውን አብዛኛውን ክፍል ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሚኒሶታ መጥተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው አሥርት ዓመታት ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተርን ሽልማት አገኙ፤ በ2021 ዐረፉ። በካታሎጉ ውስጥ ስማቸው እንደሚገባው ነው የተጻፈው፤ ከ«ጌታቸው» ይጀምራል። ብዙዎቹ የብራና ምስሎች አሁን በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ።

የሰሞኑ ጉባኤ ትልቁ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ቢከፍልበትም ብዙ ጊዜ የራሱ አይሆንም፤ የኪራይ ውል ነው የሚፈርመው። ውሉ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ማዋስን ሊከለክል ይችላል። የትናንቱ ወረቀት ከዳኮታ ሚኒሶታ ሲጓዝ፣ የዛሬው ፋይል ከግንብ አይወጣም። አሳታሚ የሚልከውን ውል ሳይፈርሙ በፊት እንዲያነቡና የማዋስ መብት እንዲጻፍላቸው እንዲጠይቁ ለትንንሾቹ ኮሌጆች ሥልጠና ይሰጣል። እኔ ባየሁት የሚጠይቅ አንዳንዴ ያገኛል፤ የማይጠይቅ በፍጹም አያገኝም።

እዚህ አገር የሚኖር አንባቢ የአማርኛ መጽሐፍ ቢፈልግ በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በውሰት እንዲመጣለት መጠየቅ ይችላል፤ በአብዛኛው ክፍያ የለውም። ሲሄድ የደራሲውን ስም ሳይገለብጥ ከራሱ ስም ጀምሮ ይጻፍ፣ ርዕሱን በግዕዝ ፊደል ከነ ላቲኑ ያስቀምጥ፣ የታተመበትን ዓመት ዓ.ም. ብሎ ይለይ። አሮጌ ቅጂ ቤቱ ካለው ደግሞ የሽፋኑን ፎቶ ያሳያቸው።