ጢስ አንዳጅ የእንጨት ምድጃ፤ አመራረጡና አያያዙ በማንኩሽና በአካባቢው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በጉባ ወረዳ፣ በማንኩሽና በዙሪያዋ ባሉ ቆላማ ቀበሌዎች ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ለአባሎቻቸው ምድጃ ገዝተው ለማከፋፈል ለሚያስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ማኅበሩ ለዘር ሊያውለው ይችል የነበረውን ገንዘብ ለምድጃ ካወጣ በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ምድጃው ጓሮ ተጥሎ ቢዝግና እናቶች ወደ ሦስት ጉልቻቸው ቢመለሱ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ሌላ ጊዜ የተሻለ ነገር ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ሰሚ አያገኝም።

እንጨትን በሙቀት ወደ ጋዝ ለውጦ፣ ያንኑ ጋዝ መልሶ የሚያነደውን መሣሪያ በዚህ ጽሑፍ «ጢስ አንዳጅ ምድጃ» እንለዋለን። «የጋዝ ምድጃ» ያላልነው ሆን ብለን ነው። በገበያችን ጋዝ ሲባል ሰው የሚያስበው በሊትር የሚቀዳውን ነጭ ጋዝ ወይም በሲሊንደር የሚመጣውን ስለሆነ፣ ገበሬው አዲስ የነዳጅ ወጪ የመጣበት ይመስለዋል።

በቀዝቃዛ አገሮች፣ ለምሳሌ በኦስትሪያና በስዊድን፣ በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ትልቅ የውኃ ማሞቂያ በቤት ሥር ተተክሎ በቧንቧ ቤቱን ሁሉ ያሞቃል። በማንኩሽ ሙቀት ቤቴን አሙቁልኝ የሚል ሰው አይኖርም። ይሁን እንጂ ከእነዚያ አገሮች የምንወስደው አንድ ትምህርት አለ። መሣሪያው ስንት ጥበብ ቢኖረውም ሠሪዎቹ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ አጥብቀው ያዛሉ፤ ባለቤቱም እንጨቱን ፈልጦ አንድና ሁለት ዓመት በመጠለያ ያደርቃል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ምድጃው ከመገዛቱ በፊት የማገዶ ማድረቂያው ይሠራ።

እንጨት እንዴት ይነዳል?

ነበልባሉ የሚወጣው ከእንጨቱ ከራሱ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚነደው ከእንጨቱ የሚወጣው ጢስ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ በውስጡ ያለው ውኃ ይተናል። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ እንጨቱ እየፈራረሰ ጋዝና የቅጥራን ተን ያወጣል። ከደረቅ እንጨት ክብደት 80 በመቶ ያህሉ በዚህ ዓይነት ወደ ላይ የሚሄድ ሲሆን፣ የሚቀረው ከሰልና ጥቂት አመድ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከዚህ ጋዝ ብዙው በቂ ሙቀትና አየር ሳያገኝ ያመልጣል። ስለዚህ በሣር ክዳኑ ሥር ተጋግሮ የምናየው ጥላሸት፣ የጉሙዝ እናቶች በትከሻቸው ላይ በዱላ አመዛዝነው ከሩቅ ያመጡት፣ ግን ያልነደደ ማገዶ ነው። ከዚሁ ጢስ ዓይናቸው ይታመማል፣ ሕፃናት ይሳላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል።

ጢስ አንዳጅ ምድጃ አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ ሁለት ክብ የብረት ዕቃዎች ያሉት ነው። በውስጠኛው ዕቃ ሥር ጥቂት ቀዳዳዎች፣ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ሌሎች ቀዳዳዎች አሉ። ማገዶው ተቆራርጦ ይሞላና ከላይ ይለኮሳል። እሳቱ በዝግታ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚገባው ትንሽ አየር እንጨቱን ወደ ጋዝ ለመለወጥ ብቻ ይበቃል። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል አልፎ የሞቀው አየር በላይኞቹ ቀዳዳዎች ገብቶ ያገኘዋል፤ በድስቱ ሥር ንጹሕ ነበልባል የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። ይህን ከላይ የሚለኮስ ምድጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ቶማስ ሪድና ኖርዌያዊው ፖል ቬንደልቦ በየፊናቸው አስበውታል፤ ቬንደልቦም በኡጋንዳ ሠርቶበታል። ከእንጨት ጋዝ ማውጣቱ ግን ከዚያ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤንዚን የጠፋባቸው የአውሮፓ አገሮች በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ መኪናዎችን በእንጨት ጋዝ ነድተዋል።

አስቀድሞ ማገዶው

እርጥብ እንጨት በዚህ ምድጃ ውስጥ ጨርሶ አይሆንም። በጉልቻ ላይ እርጥብ እንጨት እየተንጨረጨረም ቢሆን ይነዳል፤ እዚህ ግን ውኃው ሙቀቱን ስለሚበላው ጋዙ እሳት አይዝም፤ ቤቱም ከጉልቻው በባሰ ነጭ ጢስ ይሞላል። አዲስ ከተቆረጠ 10 ኪሎ እንጨት 4 ወይም 5 ኪሎው ውኃ ሊሆን እንደሚችል ለገበሬው በሚዛን ማሳየት ይጠቅማል። አለካኩ ቀላል ነው። 500 ግራም የሚመዝን ፍልጥ ከእሳት ዳር አድርጎ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ ማድረቅ ነው። በመጨረሻ 400 ግራም ቢመዝን 100 ግራሙ ውኃ ነበረ፤ ይኸውም 20 በመቶ ነው። ከዚህ በላይ እርጥበት ያለው ማገዶ ይቆይ። ሚዛን በሌለበት ሁለት ፍልጥ እርስ በርሱ ማጋጨት ነው፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ያፍናል።

የአካባቢው ዋና ሀብት ሸመል ነው። የቆላ ቀርከሃችን አብዛኛው የሚገኘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል እንደሆነ ይታወቃል። የደረሰ ሸመል ውስጡ ድፍን በመሆኑ ጥሩ ይነዳል፤ ሆኖም ሳይሰነጠቅ ወደ ምድጃ አይግባ፤ በአንጓዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ያለው እንደሆነ አየሩ ሲሞቅ ይፈነዳል። ለማገዶ የሚቆረጠው ሦስት ዓመት ያለፈው ወይም የደረቀው ነው፤ የዓመቱ ቡቃያ አይነካ። ሸመል በረጅም ዘመን አንዴ ባንድነት አብቦ ስለሚደርቅ፣ እንዲህ ያለው ጊዜ በደረሰበት ቀበሌ የደረቀው ተሰብስቦ ለማገዶ ይዋል፤ ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝ ግን ከእሳትና ከከብት ይጠበቅ።

የጥጥ አገዳ ከሁሉ ይልቅ የምንመክረው ማገዶ ነው። ጥጡ ከተለቀመ በኋላ አገዳው በማሳ ላይ ቢቆይ ለተባይ መጠለያ ስለሚሆን መነቀሉ በማንኛውም ሁኔታ ተገቢ ነው፤ ተነቅሎ ተቆራርጦ ቢነድ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። የማሽላና የሰሊጥ አገዳ ቶሎ ነዶ ያልቃል፤ አመዱም ይበዛል፤ ለማቀጣጠያ እንጂ ለብቻው አይበቃም። የዕጣን ዛፍ ግን ለማገዶ አይቆረጥ። በዓመት ዓመት ገንዘብ የሚሰጥን ዛፍ ለአንድ ቀን ገንፎ ማንደድ ኪሳራ ነው።

በማንኩሽ ዝናቡ የሚበረታው በክረምት ስለሆነ፣ ማገዶው ከኅዳር እስከ ጥር ተቆርጦና ተሰንጥቆ በበጋው ነፋስ ይድረቅ፤ ግንቦት ከመውጣቱ በፊትም ከመጠለያ ይግባ። መጠለያው ከቤት ግድግዳ የተለየ ይሁን። ቤቶቹ በሸመል የተሠሩና ሣር የተከደኑ ስለሆኑ፣ ማገዶ ከጎናቸው መከመር ቃጠሎን መጋበዝ ነው። ዙሪያውንም ከሣር መመንጠር ያስፈልጋል፤ በበጋ በየጫካው የሚለቀቀው እሳት ስንት ወር የደረቀውን ባንድ ሰዓት ይወስደዋል። ወለሉ በድንጋይ ላይ ከመሬት 40 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ምስጥ በዚህ አገር እንጨትን ከእሳት ቀድሞ ይጨርሳል። ጎኑ ክፍት፣ ክዳኑ ሰፊ ይሁን። የሚያስፈልገውን መጠን ለማወቅ የአንድ ሳምንት ፍጆታን መዝኖ የቀኑን አማካይ ማግኘት ይቻላል። ለምሳሌ አንድ ቤተሰብ በቀን 3 ኪሎ ቢያነድ ለ150 የዝናብ ቀናት 450 ኪሎ ደረቅ ማገዶ ማስቀመጥ አለበት። ይህን ያህል ማስቀመጥ ለማይችል ቤተሰብ ጢስ አንዳጅ ምድጃ አንመክርም።

ምን ዓይነቱ ይመረጥ?

ለእንጀራ የሚሆነው ይህ ምድጃ አይደለም። ነበልባሉ መካከል ላይ ስለሚሰበሰብ ሰፊው ምጣድ ዳር ዳሩ አይበስልም። ለእንጀራ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ የተሻለ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ለወጥ፣ ለቡና ወይም ውኃ ለማፍላት ደረቅ ማገዶ ያለው ቤት ጢስ አንዳጁን፣ የሌለው ደግሞ ትክክል የተባለውን ምድጃ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ትክክል ረጅም እንጨት ከጎን እየተገፋ የሚጨመርበት በመሆኑ ያን ያህል አይመርጥም።

በገንፎ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ምድጃ ሻጮች በሚያፈላው ውኃ ያስጎበኛሉ፤ ውኃ ግን አይማሰልም። የማሽላ ገንፎ በሁለት እጅ በኃይል ሲማሰል ቁመቱ ረዘም፣ መቀመጫው ጠበብ ያለ ምድጃ ከነድስቱ ይገለበጣል፤ ቃጠሎው የሚደርሰውም በእናቲቱና በአጠገቧ ባለው ሕፃን ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰፋ ያሉ እግሮች ያሉትን መምረጥ፣ ወይም የታች ቀዳዳዎቹን ሳይደፍኑ ዙሪያውን በጭቃ ገንብቶ ማጽናት ይገባል። ገንፎ ያልተማሰለበት ምድጃ ባይገዛ እንመርጣለን።

ማራገቢያ ያላቸው ምድጃዎች ነበልባላቸው ይበልጥ የጠራ ነው። ነገር ግን ባትሪው ሲደክም ወይም አቧራ ሲገባበት ምድጃው ይቆማል፤ የሚጠግነውም በቅርብ አይገኝም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በዚሁ በጉባ ወረዳ ሲመረቅ፣ ግድቡ አጠገባችን እያለ ስለ እንጨት ለምን እናወራለን የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። መልሱ አጭር ነው። መስመር የገባለት ቤት ለኤሌክትሪክ ምድጃ ከበቃው መልካም፤ እስከዚያ ድረስ ግን በየቀኑ የሚበላ ገንፎ አለ።

የውስጠኛው ዕቃ በመጀመሪያ የሚቃጠለው ክፍል ስለሆነ ለብቻው የሚወጣና የሚተካ ይሁን። በአካባቢው ብረት ሠሪ የሚሠራ እንደሆነ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለውስጠኛው ዕቃ አይዋል፤ የተቀባው ዚንክ በብርቱ ሙቀት ጎጂ ጢስ ያወጣል።

ማኅበሩ ለአባላት ሁሉ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ምድጃ ብቻ ገዝቶ በእናቶች እጅ ለአንድ ሳምንት ይፈትን። በየቀኑ የገባው እንጨትና የተረፈው ከሰል ይመዘን፤ ከጎኑም ያው ምግብ በሦስት ጉልቻ ተሠርቶ ይነጻጸር። የመጀመሪያው ቀን ውጤት አያታልል፤ እጅ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ማሳያውን የጉሙዝኛ ተናጋሪ የሆነች እናት ብታካሂደው ከእኛ ከማናችንም ይልቅ ትደመጣለች። ከሽያጩም ላይ ለውስጠኛው ዕቃ መተኪያ የሚሆን ገንዘብ ከወዲሁ ይቀመጥ።

አነዳዱና እንክብካቤው

ማገዶው በአውራ ጣት ውፍረት ተሰንጥቆ ከዕቃው ባጠረ ልክ ይቆረጥ፤ ከላይኞቹ ቀዳዳዎች በታች እስኪደርስ ብቻ ይሞላ። በላዩ ደረቅ ገለባ አድርጎ መለኮስ፣ እሳቱ ዙሪያውን ሲይዝ ድስቱን መጣድ ነው። መካከል ላይ እንጨት አይጨመርም፤ ስለዚህ ማገዶው ከምግቡ ጋር ተመጣጥኖ መሞላት አለበት፤ ይህን ለመልመድ ጥቂት ቀን ይወስዳል። ነበልባሉ ድንገት ጠፍቶ ነጭ ጢስ ቢወጣ፣ ፊትን ራቅ አድርጎ በተለኮሰ ገለባ ከላይ ወዲያው ማቀጣጠል ያስፈልጋል። ደጋግሞ የሚጠፋ ከሆነ ማገዶው እርጥብ ነው፣ ወይም የታቹ አየር ተደፍኗል፣ ወይም ነፋስ እየመታው ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን በጥላሸት ቢያጠቁር ደግሞ የላይኞቹ ቀዳዳዎች መደፈናቸውን ይመለከቷል።

የሸመል አመድ ከሌላው እንጨት ስለሚበዛ አመዱ ከእያንዳንዱ ንደት በኋላ ይራገፍ፤ ቀዳዳዎቹም በሽቦ ይጠረጉ። የተጋገረ ቅጥራን የሚፋቀው ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ ብረት ላይ ውኃ ማፍሰስ ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ውስጠኛ ዕቃም አየሩን ባንድ ወገን ብቻ ስለሚያስገባ ነበልባሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። በክረምት ምድጃው እርጥብ መሬት ላይ አይደር፤ ተደፍቶ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ።

ጢስ አለመታየቱ ግን አደጋ የለም ማለት አይደለም። ነበልባሉ አልቆ ፍሙ ብቻ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ምድጃው ማብሰል ያለበት በራፉና መስኮቱ ክፍት በሆነ ቦታ ወይም በዳስ ሥር ነው፤ ፍም ይዞ ሰው ወደተኛበት ክፍል በፍጹም አይግባ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ፈጥኖ ወደ አየር ወጥቶ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ።

ፍሙ በምድጃው ውስጥ ነዶ እንዲያልቅ መተው የሥሩን ብረት ይበላዋል። ስለዚህ ነበልባሉ እንዳለቀ ክዳን ባለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ ተገልብጦ ይታፈን። ከገባው ደረቅ እንጨት ክብደት አምስተኛ ያህሉ ከሰል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም በማግሥቱ በላቀች ምድጃ ቡና ያፈላል። ደቃቁን ከሰልና አመዱን ከፍግ ጋር ደባልቆ በጓሮ አትክልት ላይ መበተን ይቻላል፤ በተለይ እንደ አሶሳ አካባቢ ቀይ አፈር ኮምጣጣ በሆነ መሬት ላይ አመዱ ኮምጣጣነቱን በመጠኑ ያበርደዋል።