ከጨዋታ የሚበልጠው ታሪኩ ነው ወይስ ሕጉ?

በቋንቋችን «ጨዋታ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያቅፋል፤ ወግም ጨዋታ ነው፣ ገበጣም ጨዋታ ነው። በስልክና በኮምፒውተር የሚቀርቡት የዛሬ ጨዋታዎች ሁለቱን በአንድነት ይዘው ስለመጡ፣ ለልጆቻችን የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። አባት በግዳጅ ላይ ሲሆን ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ብቻዋን የምትመልሰው እናት ናትና፣ በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ልንመለከተው ወደድን።

ታሪክ የሌለው ጨዋታ ዕድሜ የለውም ማለት አይቻልም። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር እንጂ ጀግናም ጠላትም የለውም፤ ሆኖም ትውልድ ሲያልፍ እርሱ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሲ ፓጂትኖቭ በሞስኮ የፈለሰፈው ቴትሪስም የሚወድቁ ቅርጾችን ከመደርደር በቀር የሚተርከው የለውም፤ ዓለምን ግን አዳርሷል። በሱዳን «ሲጃ» የሚባለውም እንዲሁ ነው። በአሸዋ ላይ 25 ቤት ይሠራል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠር ይዞ የባላጋራውን ጠጠር በሁለት ጠጠሮቹ መካከል እያስገባ ይማርካል። ከመተማ ተሻግሮ በገዳሪፍ የሰሊጥ እርሻ የሚሰማራ ሠራተኛ ዐረብኛ ባያውቅ እንኳ ይህን ለመጫወት አስተርጓሚ አይሻም።

ታሪክም ግን የራሱ ኃይል አለው። በሱዳን ባጋራ ዘላኖች ዘንድ የሚታወቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በጽሑፍ የሰፈረ የጅብ ጨዋታ አለ። በአሸዋ ላይ የሚጠማዘዝ መንገድ ይሣላል፤ ውጫዊው ጫፍ መንደር፣ መካከሉ የውሃ ጉድጓድ ነው። የእያንዳንዱ ተጫዋች ምልክት «እናት» ትባላለች፤ በሚጣለው እንጨት ቁጥር እየተራመደች ልብስ ልታጥብ ወደ ጉድጓዱ ትወርዳለች፣ አጥባም ትመለሳለች። እናቱ ቀድማ መንደር የገባችለት ተጫዋች ጅቡን ይለቃል፤ ጅቡም በእጥፍ ፍጥነት ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ሲመለስ በመንገድ የሚያገኛቸውን እናቶች ይበላል። ታሪኩ ቢወጣለት የሚቀረው እንጨት መጣልና መቁጠር ነው። ታሪኩ ሲኖር ግን እያንዳንዱ እርምጃ ያስጨንቃል፤ የጅቡ እጥፍ ሩጫ ሕግም ታሪክም ነውና።

በእኛም ሰንጠረዥ የመጀመሪያው ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪገኝ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የጦር ሰው ይህን ሲያይ ማብራሪያ አይጠይቅም።

ከዘመናዊዎቹም እ.ኤ.አ. በ2014 በፖላንድ የተሠራው «ዲስ ዋር ኦፍ ማይን» ይጠቀሳል። ተጫዋቹ በተከበበች ከተማ የቀሩ ሲቪሎችን እንጂ ወታደርን አይመራም፤ ሌሊት ምግብና መድኃኒት ሲፈልግ፣ ከሌላው ችግረኛ ልውሰድ ወይስ ልተው የሚለውን ራሱ ይወስናል። ረጅም ትረካ ሳያስፈልገው ሕጉ ራሱ ይተርካል።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች ልጃቸው የያዘውን ጨዋታ ሲመረምሩ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ታሪኩ የሚለውና የልጁ እጅ የሚሠራው ይስማማሉን? ታሪኩ ስለ ጀግንነት እያወራ እጁ ያለ ዋጋ መግደልን ብቻ የሚለማመድ ከሆነ፣ በልጁ ልቦና የሚቀረው እጁ የለመደው ነው።

እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ከጋላባት ወደ መተማ የተሻገሩ ሕፃናት አሉ። የእናት በሰላም ቤት መግባት ለእነርሱም ሆነ አባቱን ለሚጠብቅ የወታደር ልጅ ተረት ብቻ አይደለም። ሕጉን ስልክም ሊያስተምር ይችላል፤ ወጉን ግን ከጎኑ ተቀምጦ የሚያወራለት ሰው ያስፈልገዋል።