ዲኤክስ፦ አርባ ዓመት አልፎት ገዢ ያላጣ መኪና

«ዲኤክስ» ሲባል በአገራችን ከልጅ እስከ አዋቂ የሚያውቀው መኪና ነው። ስሙ «ዴሉክስ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ቶዮታ ለኮሮላ መኪኖቹ ከሚሰጣቸው የደረጃ ስሞች አንዱ ነበር። እኛ ጋ ግን የመኪናው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ታዲያ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው መኪና ዛሬም ባለትዳሮች ገንዘብ አጠራቅመው የሚመኙት ለምንድን ነው? ምኞቱስ ለቤተሰብ ይበጃል?

መኪናው ከየት መጣ?

የመጀመሪያው ኮሮላ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። እኛ ዲኤክስ የምንለው አራተኛው ትውልድ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ቀረበ። በብዙዎቹ ላይ ያለው ሞተር 1290 ሲሲ ነው፤ ኃይሉም የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ቀጣዩ ትውልድ የቤተሰቡ ኮሮላ ወደ ፊት ጎማ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ኮሮላ 50 ሚሊዮን ደረሰ።

ለምን ተወደደ?

የመጀመሪያው ምክንያት ቀላልነቱ ነው። ኮፈኑን ሲከፍቱት ካርቡራተሩ፣ ካንዴላው፣ ሞተሪኖው ሁሉም ለዓይን ይታያል፤ ለእጅም ይደርሳል። ኮምፒውተር የሚመረምረው ነገር የለውም። ሲታመም መካኒኩ በጆሮው አዳምጦ ያውቀዋል። ፍሪሲዮኑን ወይም ካምቢዮውን የሚያወርድ ባለሙያ ለማግኘት አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እንደ ሚዛን አማን ከዋና ከተማዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውድ መኪና ገዝቶ ለአንዲት ዕቃ ሳምንታት ከመጠበቅ፣ ጎረቤት ያለው መካኒክ የሚያውቀው መኪና ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ታክስ ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1300 ሲሲ የሆነ አውቶሞቢል 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ 100 በመቶ ይከፈልበት ነበር። በዚህ ላይ ጉምሩኩና ሌላው ታክስ ይደረባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ አዲስ የሚገባው ሲያንስ፣ ቀድሞ የገባው ይወደዳል። ዲኤክስ ዋጋው ሲወጣ የኖረው በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን በመኪና እጥረትም ነው።

ይህን መለየት ለባለትዳሮች እጅግ ጠቃሚ ነው። «ዲኤክስ ዋጋው አይወርድም፤ ቁጠባ ማለት ነው» የሚለው አባባል በከፊል እውነት ነው። ጥንካሬው ከመኪናው ጋር ይኖራል። በእጥረት የወጣ ዋጋ ግን ሕግ ሲለወጥ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዲኤክስን የምትገዙ ከሆነ የምትገለገሉበት ዕቃ አድርጋችሁ ግዙት፤ የልጆቻችሁን የነገ ገንዘብ በሙሉ ግን አትጣሉበት።

የቡና ገንዘብና መኪና

በሚዛን፣ በቴፒና በበበቃ አካባቢ የብዙ ቤተሰብ ገቢ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። የቡና ገንዘብ ደግሞ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም፤ በለቀማው ወራት ሰብሰብ ብሎ ይገባል። ገንዘቡ እጅ ላይ ሲሆን ዓመቱ አጭር ይመስላል። ነገር ግን የአረም፣ የጉንደላና የለቃሚ ወጪ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የሕክምና ወጪ ገና ከፊት አለ። መኪናውም ቢሆን ተገዝቶ አያበቃም፤ ቤንዚን፣ ጎማ፣ ዘይት፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ይከተሉታል። መኪናውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዓመት ወጪውንም አብራችሁ አስሉ።

ድክመቱንም እንወቅ

ዲኤክስ ለጭቃ የተሠራ አይደለም። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቡና ማሳ የሚገባው ቀይ አፈር ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል። ከሁሉ በላይ ግን መኪናው የተነደፈው በሌላ ዘመን ነው። በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት የለውም፤ ድንገት ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ የፍሬን ሥርዓትም የለውም። ልጆች ይዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ አባት ይህን አውቆ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት።

ከመግዛታችሁ በፊት፦

• የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ።
• ዝናብ በበዛበት አገር የነዳ መኪና ከሥር ይዝጋል፤ ቀለሙን ሳይሆን ወለሉንና ሻንሲውን አስፈትሹ።
• ከደላላው ጋር ግንኙነት የሌለው መካኒክ ይየው።
• የኋላ ወንበር ቀበቶ ከሌለው አስገጥሙ።

በአንድ ልብ መወሰን

በብዙ ቤት መኪና የሚገዛው ባል ነው፤ ጉድለቱን የምታብቃቃው ግን ሚስት ናት። የ1992ቱ የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ እንኳ ዋጋ ያለው የጋራ ንብረት እንዲሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ለመሸጥ ስምምነት ካስፈለገ፣ ለመግዛትማ እንዴት አይበልጥ! ወንድሜ፣ «ላስደንቃት» ብለህ ሳታማክራት ቁልፍ ይዘህ አትግባ። እህቴ፣ አንቺም «እነ እገሌ ገዙ» ብለሽ አታስጨንቂው።

ዛሬ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ተነጋገሩባቸው፦ መኪናው የሚያስፈልገን ለምን ሥራ ነው? ከገዛነው በኋላ በእጃችን ስንት ይቀራል? በሚቀጥለው ዓመት ቡናው ባይሰጥ ምን እናደርጋለን? መልሳችሁ አንድ ከሆነ ዲኤክስ ታማኝ አገልጋይ ይሆንላችኋል። ካልሆነ ደግሞ ቆዩ፤ አርባ ዓመት የቆየ መኪና አንድ ዓመት ቢጠብቃችሁ ምንም አይሆንም።