ባላጋራ የሌለበት ግጥሚያ

የአህጉር የፑምሴ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ ሁለተኛውን ተጋጣሚ ይፈልጋል። 10 ሜትር በ10 ሜትር በሆነው ምንጣፍ ላይ ግን የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለዳኞች እጅ ነሥቶ ይጀምራል፤ ወደ ግራ ዞሮ ይመክታል፣ አንድ እርምጃ ገብቶ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ፊቱን አዙሮ ይራገጣል፤ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ጨርሶ፣ ብዙውን ጊዜ ከተነሣበት ቦታ ላይ ተመልሶ ቀጥ ይላል። የተመታ ሰው የለም። ፑምሴ የሚባለው የቴኳንዶ መከላከያና ማጥቂያ እንቅስቃሴዎች በማይለወጥ ቅደም ተከተል የተሰደሩበት ቅርፅ ነው። ጀማሪ ከሚማራቸው፣ ታጉክ ከሚባሉት ቅርፆች የመጀመሪያው 18 እንቅስቃሴ አለው፤ ጥቁር ቀበቶ የታጠቀ የሚሠራው ኮርዮ ደግሞ 30። ውድድሩ በነጠላ፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በሚጣመሩበት ጥንድና በሦስት ሰው ቡድን ይካሄዳል። በዓለም ሻምፒዮናው ላይ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑም የተለየ ምድብ አለ። እኛ ቴኳንዶን የምናውቀው በፍልሚያው ነው፤ ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ58 ኪሎ ግራም ሲጋጠም የተከታተልነውም ፍልሚያውን ነበር። ስለዚህ ፑምሴ ሲነሣ “ይሄማ ጭፈራ ነው” የሚል ፍርድ ይቀድማል። ፍርዱ የቸኮለ ይመስለኛል፤ በተለይ ጎንደርን ለሚያውቅ ሰው ከፍልሚያው ይልቅ ፑምሴው ቅርብ ነው።

የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በአታ የሚማር ደቀ መዝሙር መቋሚያውን መቼ እንደሚያነሣ፣ ወዴት እንደሚዘም፣ ጸናጽሉን በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያሰማ ከራሱ አያመነጭም፤ ከመምህሩ ይቀበላል። የተቀበለውን ዓመታት ሲያመላልስ ኖሮ ይመሰክራል። ሲመሰክር ሁለት ነገር ይታይበታል፤ አንደኛው አለመሳሳቱ ነው፣ ሁለተኛው ዕውቀቱ ከአካሉ ጋር መዋሐዱ ነው። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ዝማሜ ሳይሳሳቱ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ አንደኛው ግን ለዛ አለው፣ ሌላኛው ገና እየቆጠረ ነው። የፑምሴ ዳኛ የሚያየውም ይህንኑ ልዩነት ነው። ማኅሌት ምስጋና ነው፣ ሜዳሊያም ተጋጣሚም የለውም፣ እንዴት ከስፖርት ጋር ይነጻጸራል የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በዓላማ አይገናኙም። የሚገናኙት በትምህርቱ መንገድ ነው፤ ያለባላጋራ የሚሠራ፣ ከሌላ ሰው የተቀበሉት እንቅስቃሴ ሊመዘን እንደሚችል፣ ምዘናውም ቀልድ እንዳልሆነ ጎንደር ከማንም በፊት ታውቃለች።

የሚከብደው ተቃውሞ የዳኝነቱ ነው። በሩጫ ሰዓት ይፈርዳል፤ እዚህ የሚፈርደው የሰው ዓይን ነው። ነጥቡ ከ10 ይታሰባል፦ 4 ለትክክለኛነት፣ 6 ለአቀራረብ። ከትክክለኛነቱ ላይ ለትንሽ ስሕተት 0.1፣ ለትልቅ ስሕተት 0.3 ይቀነሳል። አቋቋሙ አጥሮ ጉልበት ካልታጠፈ፣ መመከቻው ክንድ ከተወሰነለት ከፍታ ከወረደ ይቀነሳል። ወለቃን የሚያውቅ ሰው ይህ የዓይን ፍርድ እንግዳ አይሆንበትም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚያች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ያለማሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ጀበና ሲያበጁ ኖረዋል፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም የሸክላው ሥራ ከወለቃ አልጠፋም። ጀበና የምትገዛ ሴት አንገቱ መጣመሙን፣ ቂጡ ደልደል ብሎ መቀመጡን ለማወቅ ማስመሪያ አታወጣም። የትኛው ጀበና ያምራል በሚለው ሁለት ገዢዎች ላይስማሙ ይችላሉ፤ የትኛው ያፈስሳል በሚለው ግን አይጣሉም። እዚህ ላይ ተከራካሪው “ታዲያ ከግማሽ በላይ የሆነው ነጥብ ለማማሩ አይደለም ወይ?” ቢል መልሱ ከፊል አዎን ነው። አቀራረቡ ራሱ በሦስት ተከፍሎ ለፍጥነትና ኃይል 2፣ ለምት 2፣ ለኃይል አገላለጽ 2 ይሰጠዋል። ርግጫ መፍጠኑና መዘግየቱ ይታያል፤ የመጨረሻው ግን ለአድልዎ ክፍተት ይተዋል። አምስት ወይም ሰባት ዳኛ ተቀምጦ ትልቁና ትንሹ ነጥብ የሚጣለው ለዚሁ ነው። ክፍተቱን ያጠበዋል እንጂ አይደፍነውም። ጂምናስቲክም ከዚሁ ችግር ጋር በኦሊምፒክ ይኖራል።

ፑምሴ ከፍልሚያው በእርግጥ የሚበልጠው በአካል ጉዳተኞች ዘንድ ነው። ቴኳንዶ በፓራሊምፒክ የገባው በቶኪዮ ሲሆን የገባው ፍልሚያው ብቻ ነው፤ እሱም በዋናነት ጉዳታቸው በክንድ ላይ ለሆነ አትሌቶች። እግሩን ያጣ፣ ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳነው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ በዚያ በር አይገባም። በፓራ ፑምሴ ግን ለእያንዳንዳቸው ክፍል አለ፦ ፒ-10 ለዓይነ ስውራን፣ ፒ-20 ለአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ፒ-30 ለነርቭ ጉዳት፣ ፒ-60 መስማት ለተሳናቸው፣ ፒ-70 ለድንክ ቁመት፤ እጅና እግር ለጎደላቸውና ለወንበር ተጠቃሚዎችም እንዲሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፍልሚያ ባላጋራ ስላለው ሁለቱ ተጋጣሚዎች በጉዳት እኩል ካልሆኑ አደጋም በደልም አለው። በፑምሴ ግን የሚጋጠሙት ሰውየውና ቅርፁ ናቸው። ዓይነ ስውሩ አትሌት ሲዞር አቅጣጫውን የሚነግረው የገዛ እግሩ ትዝታ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን የቆየ ምስክር አላቸው። ዜማና ቅኔ በቃላቸው ይዘው፣ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ዓይነ ስውራን መምህራን በአገራችን ብርቅ አይደሉም፤ ማንም ደግሞ አዝኖላቸው ወንበሩን አልሰጣቸውም።

“ለርኅራኄ የሚሰጥ ሜዳሊያ” የሚለው ሐሜት በዚህ አገር ሊያፍር ይገባል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ መራመድ ከተሳነው በኋላ በ1970 እንግሊዝ ውስጥ በስቶክ ማንድቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች በቀስት ተወዳድሯል። ትዕግስት ገዛኸኝ የማየት ጉዳት ላለባቸው በተመደበው በቲ-13 የ1500 ሜትር ሩጫ በቶኪዮም በፓሪስም ፓራሊምፒክ ወርቅ ስታመጣ፣ ያየሽ ጌቴም በፓሪስ በዓይነ ስውራኑ ክፍል በቲ-11 ስታሸንፍ ያጨበጨብነው ስላዘንን አይደለም። ይልቅ የሚያስጨንቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ክፍሎቹ በበዙ ቁጥር በአህጉር ደረጃ በአንዱ ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ሊሰለፍ ይችላል፣ ሜዳሊያውም ከተወዳዳሪው ይበዛል። ክፍሎችን ማዋሐድ ደግሞ የተለያየ ጉዳት ያላቸውን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያውን ጉድለት እመርጣለሁ፤ ተወዳዳሪ በጊዜ ይበዛል፣ የተዛባ ሚዛን ግን አትሌቱን አባሮ ያስቀራል።

“የኮሪያ ነገር ነው፣ ምን አገባን?” ለሚለው ብዙ መልስ አያስፈልግም። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲደርሱ ቴኳንዶ የሚለው ስም ራሱ ገና አልወጣም ነበር፤ ስሙ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ታጉኮቹም የተቀረጹት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የወረደ የሚመስለን ሁሉ የአንድ ትውልድ ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያዳክመን የቴኳንዶ ቤት ለሁለት መከፈሉ ነው። ፑምሴ የሚሠራው እ.ኤ.አ. በ1973 በተመሠረተው ወርልድ ቴኳንዶ ሥር ነው፤ በ1966 የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ ፌዴሬሽን ደግሞ ቱል የሚላቸው 24 የራሱ ቅርፆች አሉት፣ ሁለቱም በኢትዮጵያ ብዙ ተማሪ አላቸው። የአንዱ ተማሪ በሌላው ሻምፒዮና ለመሰለፍ ሌላ ቅርፅ እንደገና መማር አለበት።

የወጪው ጥያቄ ከሁሉ ቀላል ነው። ለዛሬ ፍልሚያ ምት የሚቆጥር የኤሌክትሮኒክ ደረት መከላከያና ካልሲ ከውጭ መግባት አለበት፤ ለፑምሴ ዶቦክ የሚባለው የቴኳንዶ ልብስና ደልዳላ መሬት ይበቃል፣ ያ ደግሞ በወለቃም በደባርቅም አይታጣም። የሚታጣው ባለሙያው ነው። ፓራ አትሌት ከመሰለፉ በፊት ጉዳቱ በባለሙያ ተመርምሮ ክፍሉ ይወሰናል፤ ለዚህ የሠለጠነ መዳቢ ከሌለ አትሌቱ በቤቱ ግቢ የቱንም ያህል ቢሠራ ለአህጉሩ ምንጣፍ አይደርስም። ጎንደር ግን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ዛሬ ፊዚዮቴራፒ ያስተምራል። ከዚያ ክፍል ተመርቀው ከሚወጡት መካከል ጥቂቶቹ የምደባውን ሥልጠና ቢጨምሩ፣ ከወለቃ የሚነሣ አትሌት ለመመዝገብ ብቻ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልገውም ነበር።