የመስክ ቀን ዝግጅትና የባለማሳው ጭንቀት

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የተቋቋመው ይህ ማዕከል ዝናብ አጠር ለሆነው የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚስማሙ የበቆሎ፣ የቦሎቄና የሌሎች ሰብሎች ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። በ1990 የተለቀቀው አዋሽ-1 የተባለው ነጭ ቦሎቄና በ2003 የተለቀቀው ናስር የተባለው ቀይ ቦሎቄ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ዝርያ ከምርምር ጣቢያ አጥር ወጥቶ ከገበሬው ጎተራና ከነጋዴው መጋዘን የሚደርሰው በወረቀት ብቻ አይደለም። ገበሬው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ ዘር አባዡና ገዢው ከአንድ ማሳ ላይ ተገናኝተው ሰብሉን የሚያዩበት፣ ስለ ዋጋም የሚነጋገሩበት የመስክ ቀን ያስፈልጋል።

በዚያ ቀን ከሁሉ ይበልጥ የሚጨነቀው ባለማሳው ነው። በእድርና በሽምግልና ላይ አንደበቱ የማይያዝ ሰው ድምፅ ማጉያ ሲያስጨብጡት ላብ ያጠምቀዋል፤ የዘራበትን ቀን እንኳ ይዘነጋል። ይህን ካለመማር የመጣ ነው ማለት ስሕተት ነው። ፍርሃቱ በቂ ምክንያት አለው። ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ ቦሎቄው ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል፤ የዘሩና የማዳበሪያው ወጪ ግን አይቀርለትም። ገዢውም አንድ እፍኝ ነጭ ቦሎቄ ዘግኖ ቀይ ፍሬ ተቀላቅሎ ካገኘ ዋጋ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጎረቤት እያየ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ገበሬ ብቻ አይደለም። በ1903 በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ ቴሬል በምትባል ከተማ አጠገብ ሲማን ናፕ የተባሉት የግብርና ባለሙያ በዋልተር ፖርተር እርሻ ላይ ሠርቶ ማሳያ ሲያቋቁሙ፣ የከተማው ነጋዴዎች ገበሬው ኪሳራ ቢደርስበት የሚካስበት ገንዘብ አስቀድመው አዋጥተው ነበር። ፖርተር ዓመቱን በትርፍ ፈጸመ እንጂ በኪሳራ አልወጣም። ኪሳራው የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ የተነገረው ሰው ከእንግዳ ፊት ሲቆም ጉልበቱ አይከዳውም። በእኛ አካባቢ ግን ይህ ጉዳይ ድንኳንና ወንበር ከመከራየት በኋላ የሚታሰብ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይታሰብም።

ቀኑን መወሰን ያለበት ሰብሉ ነው። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ ቦሎቄ በሦስት ወር ገደማ ስለሚደርስ፣ ተስማሚው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ ወዲህ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። የክብር እንግዳው አልተመቻቸውም ተብሎ ሁለት ሳምንት ቢራዘም ጎብኚው የሚያየው ገለባ ነው። እንግዳ ሰብልን ይጠብቃል እንጂ ሰብል እንግዳን አይጠብቅም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ከባለማሳው ጋር ማሳውን ቢዞር መልካም ነው። ንግግር ጽፎ ማስጠናት ግን ጭንቀቱን ያብሳል፤ አንድ ቃል ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋልና። መቼ ዘራህ? ስንት ኪሎ? ማዳበሪያ ስንት? ስንት ጊዜ አረምህ? ለእነዚህ መልስ ካለው ይበቃዋል። ከመድረክ ሳይሆን ከማሳው ዳር፣ ዛላውን በእጁ ይዞ፣ በአፍ መፍቻው በአፋን ኦሮሞ ይናገር፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው እንግዳው ነው። ሚስቱንም ቡና ከማፍላት ሥራ አውጥቶ ከማሳው ማቆም ይገባል። ዘሩን የለቀመችውና ያረመችው ብዙውን ጊዜ እርሷ ናት፤ ቶሎ ይበስላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅም የምታውቀው እርሷ እንጂ ባልየው አይደለም።

የከሳውን መደብ መደበቅም አይበጅም። አዲሱና የአካባቢው ዝርያ ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ዝናብ ያጠቃው ጥግም ሳይሸፈን ሲቀር፣ ጎብኚው ያምናል፤ ባለማሳውም የሚፈራው ጥያቄ ያንስለታል።

ምሳው ከመቅረቡ በፊት የዘር ፈላጊዎች ስምና የሚፈልጉት መጠን በመዝገብ ይግባ፤ ገዢውም መኪና ውስጥ ሳይገባ የሚቀበለውን የጥራት ደረጃና የሚከፍልበትን ዋጋ በሕዝብ ፊት ይናገር። ባለማሳው ከማለዳ ጀምሮ እህል ሳይቀምስ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።