ኤርባግና ጨቅላ፦ ጋቢናው ለምን አይሆንም?

አራስ ከሆስፒታል የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ በአዲስ አበባ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። መኪናው እስከ በሩ ይጠጋል፤ ባል ቦርሳውንና ፔርሙዙን ይጭናል። አንዲት አክስት የፊተኛውን በር ከፍተው፣ «እሷ ጋቢና ትግባ፤ ከኋላ ያንገጫግጫታል» ይላሉ። አራሷ ቀስ ብላ ትቀመጣለች፤ በፎጣ የተጠቀለለው ሕፃን ጭኗ ላይ ይደረግላታል፤ በሩም በእርጋታ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅርና በክብር ነው። ሕፃኑ ግን መኪናው ውስጥ ካሉት መቀመጫዎች ለእሱ እጅግ አደገኛ የሆነውን ይዟል። ከፊቱ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ኤርባግ ታጥፎ ተኝቷል።

ኤርባግ የብዙ ሰው ነፍስ ያተረፈ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው፣ የፊት ኤርባጎች ከ1987 እስከ 2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያች አገር ብቻ ከ50 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ከሞት አድነዋል። እናትን የሚያድነው መሣሪያ ልጇን እንዴት ይጎዳል? ይህን ለመረዳት አፈጣጠሩንና አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

የኤርባግ ታሪክ የሚጀምረው ከአንዲት ልጅ ነው። በ1952 ጸደይ ጆን ሄትሪክ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ሚስቱንና የ7 ዓመት ልጁን ይዞ በፔንሲልቬንያ ገጠር ሲነዳ፣ ዳገቱን እንዳለፈ ትልቅ ድንጋይ መንገድ ላይ አየ። ፍሬን ይዞ መሪውን ሲጠመዝዝ መኪናው ቦይ ውስጥ ገባ። በዚያች ቅጽበት ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጃቸው ከዳሽቦርዱ ጋር እንዳትላተም ነበር። ክፉ ነገር አልደረሰም፤ ሄትሪክ ግን የእጆቹን ሥራ የሚሠራ ነገር መኪናው ውስጥ ለምን አይኖርም ብሎ ማሰብ ጀመረ። ባሕር ኃይል ሳለ ሲጠገን የነበረ ቶርፒዶ የታመቀ አየሩን በድንገት ለቆ፣ የሸፈነውን ሸራ ሽቅብ ሲያስፈነጥረው አይቶ ነበር። ያንን አስታውሶ ንድፉን ሣለ፤ በ1953 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አገኘ።

ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ የታመቀ አየር ለዚህ ሥራ መዘግየቱ ነው። መኪና ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ፣ የተሳፋሪው ሰውነት ወደ ፊት ተወርውሮ ዳሽቦርዱ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለው ጊዜ ከቅጽበት ያነሰ ነው። ስለዚህ ተከታዮቹ መሐንዲሶች አየር ማመቁን ትተው ወደ ኬሚስትሪ ዞሩ። ለብዙ ዓመታት የሠሩበት ሶዲየም አዛይድ የሚባል ውሁድ ነው፤ ሲቀጣጠል በአንድ ጊዜ ብዙ ናይትሮጅን ይለቃል። ዛሬ ሌሎች ውሁዶች ተክተውታል፤ ዘዴው ግን ያው ነው። የኤርባግ ልቡ አነስተኛ፣ በልክ የተሰፈረ ፍንዳታ ነው።

አሁን ያንን ፍንዳታ ቀረብ ብለን እንየው። መኪናው ሲጋጭ ሴንሰሩ ፍጥነቱ በድንገት መቋረጡን ያነባል፤ ኮምፒውተሩ ይህ ጉድጓድ ነው ወይስ ግጭት ብሎ ይለያል፤ ግጭት ከሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል። ውሁዱ ይቀጣጠላል፤ ታጥፎ የተቀመጠው የናይለን ከረጢት የዳሽቦርዱን ክዳን ሰንጥቆ በሰዓት እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ በማይርቅ ጊዜ ነው፤ ዐይን ተርገብግቦ ለመከደን እንኳ ከዚያ እጥፍ ይፈጅበታል። ከረጢቱ ሞልቶ ሰውየው ሲደርስበት ወዲያው ከጎኑ ባሉ ቀዳዳዎች ይተነፍሳል፤ ግንባርና ደረት ቀስ ብለው ይሰምጡበታል። መኪናው ውስጥ ነጭ ዱቄት ይበናል፤ የባሩድ ዓይነት ሽታም ይሸታል።

ኤርባግ ጋሻ የሚሆነው እንግዲህ ሞልቶ ካበቃ በኋላ ነው። እየወጣ ሳለ ያገኘውን ሁሉ በቡጢ ይመታል። ቀበቶውን ያሠረና ከዳሽቦርዱ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ከረጢቱን የሚያገኘው ሞልቶ ነው። ለዚህም ነው ሾፌር ደረቱን ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ያርቅ የሚባለው። ዳሽቦርዱ ላይ የተቀረጹት «ኤስ አር ኤስ» የሚሉ ፊደላትም ይህንኑ ይናገራሉ፤ የቀበቶ ረዳት ማለት ናቸው።

እናቱ ጭን ላይ ያለ ጨቅላ ግን ከረጢቱን የሚያገኘው በጉዞው መካከል ነው። የጨቅላ ራስ የቁመቱን አንድ አራተኛ ያህል ይይዛል፤ በአዋቂ ላይ ይህ ወደ አንድ ሰባተኛና ስምንተኛ ይወርዳል። ያን ከባድ ራስ የተሸከመው አንገት አጥንቱ ገና ያልጠነከረ፣ ጅማቱ የላላ ነው፤ ሕፃን ስናነሣ ሁላችንም ሳንማር ማጅራቱን በመዳፋችን የምንደግፈው ለዚህ ነው። እኛ በመዳፍ የምንደግፈውን አንገት ከረጢቱ በዚያ ኃይል ሲመታው የሚሆነው ሳይነገርም ይታወቃል።

«እኔ ጥብቅ አድርጌ አቅፈዋለሁ» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሲቆም፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ከ20 እስከ 30 እጥፍ ሊከብድ ይችላል። 25 እጥፉን ብንወስድ፣ 4 ኪሎ የሚመዝነው ጨቅላ 100 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ሲወረወር በሁለት እጅ የሚይዝ ሰው የለም። ሕፃኑ ያመልጣታል፤ እሷም ቀበቶ ካላሠረች ከኋላው ትወድቅበታለች፤ አንዱን ቀበቶ ለሁለቱ ካሠረችው ደግሞ በእሷ ክብደትና በቀበቶው መካከል ይጨፈለቃል።

ብዙ ወላጅን የሚያሳስተው ሌላ ነገር ጥሩ የሕፃን መቀመጫ ገዝቶ ጋቢና ላይ ማሠሩ ነው። ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ የሚያስቀምጠው መቀመጫ ለጨቅላ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ግጭት ሲመጣ ራሱን፣ አንገቱንና ጀርባውን አንድ ላይ ደግፎ ኃይሉን ያከፋፍልለታል። ያው መቀመጫ ጋቢና ላይ ሲታሠር ግን ጀርባው ዳሽቦርዱን ሊነካ ይቀርባል፤ የሕፃኑ ራስ ከኤርባጉ ክዳን የሚለየው በዚያች ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው። የፀሐይ መከለያውን ወደ ታች ስንስብ የምናያት፣ መቀመጫ ውስጥ ያለ ሕፃን ላይ ቀይ መስመር የተሰመረባት ሥዕል የምትለው ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ሕግም ኤርባጉ ካልተዘጋ በቀር እንዲህ ያለውን አቀማመጥ ይከለክላል።

ይህ ትምህርት የተገኘው በውድ ዋጋ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኤርባግ እየበዛ ሲሄድ፣ ሌላው ተሳፋሪ በእግሩ በሚወጣበት ቀላል ግጭት ሕፃናት ይሞቱ ጀመር። ከ1990 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በዝቅተኛ ፍጥነት ግጭት በፊት ኤርባግ የሞቱት፣ ትልልቆቹም ተቆጥረው፣ ከ290 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ቀበቶ ያላሠሩ ወይም በትክክል ያልተቀመጡ ነበሩ። ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሞቱት ከ1998 በፊት በተሠሩ መኪኖች ነው። ከዚያ በኋላ የከረጢቱ ኃይል ተቀነሰ፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ክብደት የሚያነብና ለትንሽ ልጅ ኤርባጉን የሚዘጋ ሴንሰርም ቀስ በቀስ ግዴታ ሆነ።

እኛ መንገድ ላይ ከ1998 በፊት የተሠሩ መኪኖች ዛሬም ይሽከረከራሉ። አዳዲሶቹም ቢሆኑ ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ ከሆነ ያ ሴንሰር ላይኖራቸው ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የኤርባጓ መብራት በርታ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋቷን ይይ። ካልጠፋች ብልሽት አለ፤ ጭራሽ ካልበራች ደግሞ ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚደረደረው የሶፍት ካርቶንና ጌጥም ይነሣ፤ ከረጢቱ ሲወጣ ይዞት ይወረወራል።

ለልጆች ደንቡ አጭር ነው። ጨቅላ ከኋላ ወንበር፣ በራሱ መቀመጫ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይሂድ፤ መቀመጫው እስከሚፈቅደው ክብደትና ቁመት ድረስም እንደዚያው ይቆይ። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ቦታው ከኋላ ነው። መኪናው ጋቢና ብቻ ያለው ፒካፕ ከሆነና ሌላ ምርጫ ከጠፋ፣ ኤርባጉ በቁልፍ መዘጋቱ ሳይረጋገጥ ሞተር አይነሣ። የሕፃን መቀመጫ በእኛ ገበያ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። መቀመጫ የሌላት እናት ቢያንስ ከኋላ ትቀመጥ፤ ቀበቶውን ለራሷ ብቻ ትሠር፤ ሾፌሩም ዝግ ይበል። ይህ ሕፃኑን ከግጭት አያድነውም፤ ከኤርባጉ ግን ያርቀዋል።

ልጃቸውን ሊያርሱ አሜሪካ የሚሄዱ እናቶች የልጅ ልጃቸው ከኋላ ብቻውን ታሥሮ ሲያለቅስ ሲያዩ አንጀታቸው ይላወሳል። «ምን አጠፋ? ስጡኝ ልቀፈው» ይላሉ። ሁለትና ሦስት ቀን ከሰነበቱ በኋላ ግን አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ጣታቸውን አስጨብጠውት፣ እሹሩሩ እያሉት ይሄዳሉ።

የእኛዋም አክስት የፊቱን በር ይተዉትና የኋላውን ይክፈቱ። «ነይ፣ ከኋላ ግቢ፤ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ አንተም ቀስ ብለህ ንዳ» ይበሉ። መንገጫገጩን ሾፌሩ ዝግ ብሎ ይቀንሰዋል፤ የኤርባጉን ምት ግን ከተነሣ በኋላ የሚመልሰው የለም።