ምልክት የሌለው በሽታና የምስክር ወረቀት፦ የጌጥ ዕፅዋት ችግኝ የጤና ማረጋገጫ እንዴት ይመዘን?



ለጌጥ ዕፅዋት ችግኝ የሚሰጥ የጤና ምስክር ወረቀት ዋጋው በምን ይለካል? ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መልስ የተጎበኙት ጣቢያዎችና የተሰጡት ወረቀቶች ብዛት ነው። ይህ መለኪያ፣ በተለይ እንደ ሰሜን ሸዋ ባለ ደጋ፣ ለምን እንደማይበቃ ላስረዳ።

ምሳሌዬ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለው ተሐዋስ ቅዝቃዜን የሚቋቋም ዓይነት አለው፤ ጌራኒየምንም ድንችንም ያጠቃል። በአፈር፣ በውኃ፣ በመቁረጫ መሣሪያና በተበከለ ቁርጥራጭ ይተላለፋል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ግን የተበከለው ተክል ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አንኮበርም ደጋ ነው። በእነዚህ ስፍራዎች ለዓይን ጤነኛ የሆነ ችግኝ በሽታውን ተሸክሞ ወደ ድንች ማሳ አጠገብ ሊደርስ ይችላል።

ስሌቱን እንመልከት። እጅግ ብዙ ከሆኑ ችግኞች ከመቶ አንዱ ቢበከል፣ ቢያንስ አንዱን በ95 በመቶ ዕድል ለማግኘት 299 ችግኞችን በዕጣ መርጦ መመርመር ያስፈልጋል። ይህም መርማሪው የተበከለውን ሁሉ ይለያል ከተባለ ነው። ግማሹን ብቻ ከለየ ቁጥሩ 598 ይሆናል። ምልክት ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ሺህ ችግኝ በዓይን ማየት አንዱንም አያስገኝም።

የውጭው ልምድ ይህን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከኬንያ ወደ አሜሪካ በገባ የጌራኒየም ቁርጥራጭ ላይ ተሐዋሱ ተገኘ፤ ቁጥጥሩም ጠበቀ። ሆኖም በ2020 ከጓቴማላ በገባ ጌራኒየም ላይ ዳግመኛ ታየ። የዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት በ2012 ያጸደቀው 36ኛ ደረጃም ለተከላ የሚውሉ ዕፅዋት በመጨረሻው ምርመራ ብቻ ሳይሆን በምርት ሂደቱ ሁሉ የሚጠበቁበትን መንገድ የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ አንድን ሥርዓት ስንገመግም አራት ጥያቄ እናንሣ። እናት ተክሎቹ በቤተ ሙከራ ተመርምረዋልን? የመስኖው ውኃና አፈሩ ከብክለት ተጠብቀዋልን? መሣሪያና የሠራተኛ እጅ በየመደቡ መካከል ይጸዳሉን? በሽታ ቢገኝ ችግኙ የሄደበትን ቦታ የሚያሳይ መዝገብ አለን?

አበባ ገዢው የሚያጣው አንድ መደብ ነው። ጎረቤቱ ገበሬ ግን፣ አንድም አበባ ሳይገዛ፣ የዓመት ምግቡንና ዘሩን ሊያጣ ይችላል። የምስክር ወረቀቱ ሚዛን መሆን ያለበት ለእርሱ የሚሰጠው ዋስትና ነው።